ኪራዩ ተወሰነ፣ ጥገናውስ?

በአዲስ አበባ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጣሪያው ሲያፈስ ቀድሞ የሚያሰላው የቆርቆሮውን ዋጋ አይደለም፤ ለአከራዩ ቢናገር የሚከተለውን ነው። “ካልተመቸህ ልቀቅ” ይባል ይሆን? በሚቀጥለው ወር ይጨመርበት ይሆን? “ልጃችን ልትገባበት ነው” ተብሎ ቤት ፍለጋ ከደላላ ጋር ይንከራተት ይሆን? ይህን ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ከሚያንጠባጥበው ሥር ሳፋ ያኖራል፣ አልጋውን ወደ ደረቁ ጥግ ይገፋል፣ መስከረም እስኪጠባ ይታገሣል። ክረምቱ ሲወጣ ኮርኒሱ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ሻግቷል፣ ልጆቹም ሲያስሉ ከርመዋል። በዓመቱ ሰኔ ሲመለስ ቀዳዳው እዚያው ይጠብቀዋል።

ችግሩ በአንድ ዓይነት ቤት ብቻ አይታይም። በግቢ ጓሮ በተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች ለብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት ይሆንና ሲሞላ የማስመጠጫው ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ጭቅጭቅ ይነሣል። በኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ውኃ ሲያሰርግ የታችኛው ተከራይ ጣሪያ ይርሳል። የታችኛው ተከራይ ለአከራዩ ይናገራል፣ አከራዩ ወደ ላይኛው ቤት ባለቤት ይመራዋል። የላይኛው ባለቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ነው፤ ኪራዩን የሚቀበልለት ውክልና የያዘ ዘመድ “እሱን ሳላስፈቅድ ምንም አላስነካም” ይላል። በአሮጌ የጭቃ ቤቶች ደግሞ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ በረጠበ ግድግዳ ላይ ሲሄድ ይታያል። እዚህ ላይ ነገሩ ከምቾት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራዩ ትልቅ ነገር ሰጥቷል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ደንግጓል። የአዋጁ ጉልበት ያረፈው በዋጋና በጊዜ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚለው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ የቤቱን ደህንነት በዚያው ጉልበት ካልያዝነው ዋጋውም ጊዜውም ከእጃችን ያመልጣሉ። ኪራይ መጨመር ያልቻለ አከራይ ወጪውን መቀነስ ይችላል፤ ለመቀነስ ከሁሉ የሚቀለው ወጪ ደግሞ ጥገና ነው። በወረቀት ላይ ያልጨመረ ኪራይ ውኃ ለተቋረጠበትና ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት የሚከፈል ከሆነ፣ ተከራዩ ለዚያው ገንዘብ ያነሰ ቤት እየተቀበለ ነው። ይህ ኪራይ መጨመር ነው።

ሕጉ ከ1952 ጀምሮ

ብዙ ሰው የተከራይ መብት በአዲሱ አዋጅ የተጀመረ ይመስለዋል። የቤት ኪራይን ግንኙነት ከስድሳ ዓመታት በላይ ሲገዛ የኖረው ግን በ1952 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አከራይ ቁልፍ በማስረከብ ብቻ ከግዴታው አይወጣም፤ ውሉ ጸንቶ እስካለ ድረስ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት። በዕለት ተዕለት መጠቀም የሚመጡ ትንንሽ ጥገናዎች የተከራዩ ናቸው። የተሰበረ መስታወት የሰበረው ሰው ይተካል። ጉዳቱ ከቤቱ እርጅና ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን ጥገናው ትንሽ ቢሆን እንኳ በተከራዩ ላይ አይጫንም። ሃያ ዓመት ያገለገለ የቧንቧ መስመር ሲፈነዳ “አንተ ስትጠቀምበት ነው የፈነዳው” የሚለው ክርክር በሕጉ ፊት አይቆምም።

አከራዩ ቢዘገይስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ውሎች በጠቅላላው የደነገገው ክፍል እዚህ ላይ መንገዱን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በአንቀጽ 1771 መሠረት ግዴታው ያልተፈጸመለት ወገን ውሉ በግድ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅ፣ ጉዳት ከደረሰበትም ካሣ መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 1772 ግን ከዚህ በፊት ባለግዴታው እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ፈቃዱን በግልጽ በሚያሳይ ሌላ መንገድ ሊሰጥ ይችላል፤ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብም ሊቆረጥበት ይችላል። አንቀጽ 1777 ደግሞ የሚደረግ ነገር ሳይደረግ ሲቀር ባለመብቱ በባለግዴታው ወጪ እንዲያሠራው ሊፈቀድለት እንደሚችል ይደነግጋል። በተራ ቋንቋ፣ አከራዩ ያላስጠገነውን ጣሪያ ተከራዩ አስጠግኖ ወጪውን ከአከራዩ እንዲያገኝ ዳኛ ሊፈቅድለት ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ መብቱ በወረቀት ላይ ሙሉ ነው። ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው ተከራይ ግን ጥቂት ነው። አንደኛው ምክንያት ማስረጃ ነው። አብዛኛው ኪራይ ለዘመናት በቃል ሲካሄድ ኖሯል፤ ሲገባ የቤቱ ሁኔታ ምን እንደነበር የተጻፈ ነገር የለም፣ ኪራዩ ከእጅ ወደ እጅ ነው፣ አቤቱታውም በግቢው በር ላይ የተነገረ ቃል ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከወር ወደ ወር የሚኖር ተከራይ ክስ ቢመሠርት ውሳኔው ከመድረሱ በፊት ከቤቱ ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛው ወጪ ነው። ለአንድ ቧንቧ ብሎ ከሥራ ቀርቶ፣ ጠበቃ ይዞ፣ ቀጠሮ ለቀጠሮ የሚመላለስ ደመወዝተኛ የለም።

አዋጅ 1320 ከእነዚህ ሦስት እንቅፋቶች ሁለቱን ነክቷል። የጽሑፍ ውል፣ ምዝገባና የባንክ ክፍያ ማስረጃ ይሰጣሉ። ሁለት ዓመት ደግሞ ተከራዩ ሳይሰጋ የሚናገርበት ጊዜ ይሰጠዋል። የአዋጁን የሁለት ዓመት ድንጋጌ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ የማየው ለዚህ ነው፤ ነገ ልባረር እችላለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው የትኛውንም ሌላ መብቱን አይጠይቅም። በ2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ለጥቂት ወራት ታግዶ እንደነበር እናስታውሳለን። ያ ለአደጋ ጊዜ የተሰጠ እፎይታ ነበር፤ አሁን ያለን ግን ቋሚ ሕግ ነው። የቀረው ሦስተኛው እንቅፋት ነው፦ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ረጅም ቀጠሮ፣ ጥገናን በፍጥነት የሚያስፈጽም አካል አለመኖሩ።

የቀበሌ ቤት ያስተማረን

ዋጋ ተቆጣጥሮ ጥገናን መርሳት ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ሲታወጅ የብዙ ሺህ ድሆችን ኪራይ ቀነሰ። ለዚያ ዘመን ተከራይ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በልደታ፣ በአራዳ፣ በአዲስ ከተማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ቆመ። ከአንድ ቤት የሚገኘው ጥቂት ብር በር ለመቀየር እንኳ አይበቃም ነበርና ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩም ቤቱ የእሱ አይደለምና በራሱ ገንዘብ ለማደስ ይሰጋል። ላድስ ያለውም ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ፈቃዱ ሲዘገይ ግድግዳው ያዘነብላል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ጣሪያው በላስቲክና በድንጋይ ተይዞ ክረምትን ያልፋል። ዛሬ በመልሶ ማልማት ስም ከሚፈርሱት ሰፈሮች ብዙዎቹ ከመፍረሳቸው በፊት ለአርባና ለሃምሳ ዓመታት ባለመጠገን ሲፈርሱ የኖሩ ናቸው።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ኪራይ አይወሰን የሚል አይደለም። ኪራይን የሚወስን መንግሥት ጥገናን አብሮ መወሰን አለበት የሚል ነው። በ1967 አከራዩ መንግሥት ራሱ ነበርና ጥገናን የሚጠይቀው አካል ጠፋ። በ2016 ግን አከራዩ ግለሰብ ነው፣ መንግሥት ደግሞ ተቆጣጣሪ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ያልነበረ ዕድል ዛሬ አለ፤ ጠያቂና ተጠያቂ ተለያይተው ቆመዋል።

ቀን የሌለው ግዴታ

“በቅርቡ ይሠራል” የሚለው ቃል በኪራይ ቤት ውስጥ ከሚሰሙት ቃላት ሁሉ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። አከራዩ እምቢ አላለም፤ እሺ ብሏል። ተከራዩም እሺ ያለን ሰው እንዴት ይከስሳል? በዚህ መሀል ወራት ያልፋሉ። ቀን ያልተቆረጠለት ግዴታ በተግባር ግዴታ ሆኖ አይኖርም።

እንግሊዝ ይህን የተማረችው ከባድ ዋጋ ከፍላ ነው። አዋብ ኢሻቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በሮችዴል ከተማ ሞተ። አስክሬን መርማሪው ለሞቱ ምክንያት ያደረገው በተከራዩት ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡን ነው። ወላጆቹ ከሱዳን የሄዱ ስደተኞች ሲሆኑ፣ አባቱ ስለ ሻጋታው ያመለከተው ልጁ ከመሞቱ ዓመታት በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 መጨረሻ ጀምሮም ለማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች በሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ አከራይ “በቅርቡ” እንዲል አይፈቅድለትም። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ መወገድ አለበት። ሌላ ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ ችግር በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር፣ ምርመራው ካለቀ በኋላም በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ቤቱ ከአደጋ ነፃ መሆን አለበት። ካልተቻለ አከራዩ ለቤተሰቡ ሌላ ማረፊያ ያዘጋጃል።

የእንግሊዝን አቅም ከእኛ ጋር ማነጻጸር እንደማይገባ አውቃለሁ። ቀን መቁረጥ ግን ሀብት አይጠይቅም። የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሁለት ቀን፣ የተቋረጠ ውኃ ወይም የሞላ ሽንት ቤት በሳምንት፣ የሚያፈስ ጣሪያ በሁለት ሳምንት፣ ሌላው በወር ይጠገን ተብሎ በመመሪያ ቢጻፍ ቁጥሮቹ ሊያከራክሩ ይችላሉ፤ መኖራቸው ግን ሊያከራክር አይገባም።

የአከራዩ ወገን

በዚህ ጉዳይ ላይ አከራይን ሁሉ እንደ ጨካኝ ማየት ስህተትም በደልም ነው። ከአዲስ አበባ አከራዮች ብዙዎቹ ጡረታቸው አልበቃ ብሎ ሁለት ሰርቪስ ክፍል በማከራየት ዕለታቸውን የሚገፉ አዛውንቶች ናቸው። ከተከራያቸው ጋር በአንድ በር ይገባሉ፣ ቡና ይጣራሉ፣ ለቅሶ አብረው ይደርሳሉ። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ በየጊዜው ሲንር፣ ኪራዩ ግን በተወሰነ መጠን ብቻ ሲጨምር፣ “ከየት አምጥቼ ላድስ?” ማለታቸው እውነት አለው።

ሆኖም አንድ ብዙ ያልተነገረ ነገር አለ። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው 50 በመቶው ግብር ከመሰላቱ በፊት እንዲቀነስለት ደንግጎ ነበር። የቅናሹ ምክንያትም በአዋጁ ተጽፏል፤ ለቤቱ ጥገና፣ እድሳትና እርጅና ነው። ያን ጊዜ መንግሥት ለአከራዩ “ከኪራይህ ግማሹ ለቤቱ የሚወጣ ነው ብዬ እቆጥርልሃለሁ፣ ግብርም አልጠይቅህበትም” ብሎታል ማለት ነው። ይህን ያህል ለጥገና የታሰበለት ሰው ጣሪያውን እንዲያስጠግን መጠየቅ ጭካኔ ሊባል አይችልም። ፍትሐዊው መንገድም ከዚህ ይነሣል፤ የግብር ቅናሹን ጥገና ማድረጉን በደረሰኝ ላሳየ አከራይ ሰፋ ማድረግ፣ ምንም ሳያድስ ለሚኖረው ደግሞ ማጥበብ። አቅም የሌላቸው አዛውንቶች ለጥገና ብቻ የሚውል አነስተኛ ብድር ቢመቻችላቸው ቤቱም ይድናል፣ ተከራዩም ይድናል።

ለውጭ አገር አከራዮችም አንድ ቃል አለኝ። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 የይግባኝ ፍርድ ቤት ጃቪንስ በሚባለው መዝገብ ታላቅ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ክሊፍተን ቴራስ በሚባሉት ሕንፃዎች የሚኖሩ ተከራዮች ኪራይ አልከፈላችሁም ተብለው ሲከሰሱ፣ ቤቶቹ 1,500 ገደማ የቤት ደህንነት ደንብ ጥሰት እንዳለባቸው በመከላከያቸው አነሡ። ፍርድ ቤቱም አከራይ ቤቱን ለሰው መኖሪያ ብቁ አድርጎ የማቆየት ግዴታ በውሉ ውስጥ ባይጻፍም አለ፣ የተከራዩ የመክፈል ግዴታም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ወሰነ። ዛሬ በዚያ ከተማ የሚከራይ ሐበሻ ማሞቂያው ሲበላሽ ስልክ አንሥቶ የሚጠይቀው በዚህ መብት ላይ ቆሞ ነው። እዚህ ያለውን ኮንዶሚኒየሙን ለተከራየው ሰውም ያንኑ ክብር መስጠት ይገባዋል፤ ለወኪሉ ኪራይ የመቀበል ብቻ ሳይሆን እስከተወሰነ ገንዘብ ድረስ ሳያስፈቅድ የማስጠገን ሥልጣንም ይስጠው።

ተከራዩ ዛሬ ምን ያድርግ

ከጃቪንስ ታሪክ ተነሥቶ ኪራይ መያዝ ለእኛ ተከራይ አደገኛ መንገድ ነው። በራስ ሥልጣን ኪራይ ማቆም አከራዩ ውሉን እንዲያፈርስ ምክንያት ይሰጠዋል። ስለዚህ ኪራይን በጊዜው በባንክ እየከፈሉ፣ መብትን በማስረጃ መጠየቅ ይሻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመግባት በፊት ነው። ዕቃ ከመግባቱ በፊት ከአከራዩ ጋር ቤቱን ዞሮ ማየት፣ የተሰነጠቀውን፣ የሚያፈሰውን፣ የማይሠራውን መጻፍ፣ ፎቶ ማንሣት፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር መመዝገብ፣ ሁለቱም መፈረምና ከውሉ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህ ወረቀት አከራዩንም ይጠብቃል፤ ተከራዩ ያበላሸው ነገር በኋላ ሊካድ አይችልምና። ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ፦ የትኛው ጥገና የማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚሠራ፣ አስቸኳይ ሲሆን ተከራዩ እስከ ስንት ብር አውጥቶ ከኪራዩ መቀነስ እንደሚችል። ሦስተኛው በተለይ ብዙ ጠብ ያስቀራል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በጥቂት መቶ ብር የሚቆም ፍሳሽ ግድግዳ እስኪጥል አይጠበቅም።

ብልሽት ሲያጋጥም ስልክ መደወል መልካም ነው፤ ከስልኩ በኋላ ግን ያው ነገር በጽሑፍ ይላክ። በአጭር መልእክትም ይሁን በቴሌግራም ቀኑ፣ ችግሩና የሚጠበቀው ጊዜ ይጻፍ፣ ፎቶም ይያያዝ። መልስ ከጠፋ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ በምስክር ፊት ይሰጥ። አንቀጽ 1772 የሚጠይቀው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው። አነጋገሩ የአክብሮት ይሁን፤ “ጋሼ፣ ባለፈው የነገርኩዎት ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፣ እስከ አስራ አምስት ቀን እንዲያሠሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ” የሚል ደብዳቤ ወዳጅነትን አያፈርስም፣ መብትንም አያስቀርም። በኮንዶሚኒየም ችግሩ ከጣሪያ፣ ከደረጃ ወይም ከዋናው የፍሳሽ መስመር የመጣ ከሆነ እነዚህ በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት ናቸውና ለባለቤቶች ማኅበርም በግልባጭ ይድረስ።

ከመንግሥት የሚጠበቀው

ተከራዩ የድርሻውን ቢያደርግም ብቻውን ሩቅ አይሄድም። በአዲስ አበባ የኪራይ ውል የሚመዘገበው በወረዳ ነው። ሁለቱም ወገኖች ወረቀታቸውን ይዘው የሚገናኙበት ቦታ ይህ ስለሆነ፣ ሥራው ከዚሁ ቢጀመር አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። ውሉ ሲመዘገብ የቤቱ ሁኔታ የተጻፈበት ቅጽ አብሮ ይመዝገብ። የጥገና ቀነ ገደቦች በመመሪያ ይውጡ፣ በውሉ ናሙና ላይም ይታተሙ። ተከራይ በጽሑፍ ያመለከተውን ጥገና አከራዩ በጊዜው ካላደረገ፣ ወረዳው ባለሙያ ልኮ ያይ፤ ማየቱንም በቃለ ጉባዔ ይያዝ። ያ ቃለ ጉባዔ በእጁ ያለ ተከራይ ፍርድ ቤት ቢሄድ አንቀጽ 1777ን በአንድ ቀጠሮ ሊያስፈጽም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እዚያ ሳይደርስ ይጠገንለታል። ጥገና በመጠየቁ ምክንያት ተከራይን ማስወጣትም በግልጽ የተከለከለ ይሁን።

መንግሥት ኪራይን ለመወሰን በግለሰቦች ውል ውስጥ ገብቷል፤ መግባቱም ትክክል ነው። ከገባ በኋላ ግን ዋጋውን ብቻ አይቶ መውጣት አይችልም። አዋጅ 1320 የተከራዩን አፍ ከፍቶለታል። በአፉ የሚናገረውን የሚሰማና ቀን ቆርጦ የሚያስፈጽም ወረዳ ካልኖረ ግን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር መኖር መብት ተብሎ ይጻፍለታል። የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት የጥገና መመሪያ ይውጣ።